«አንድ ሰርቪንግ» የማን መጠን ነው?

እንደምን አመሻችሁ? ሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ይህን ሰዓት ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

በዚህ ልጀምር። እጄ ላይ ያለው ተራ የድንች ቺፕስ ነው። ጀርባው ላይ በደማቁ «160 ካሎሪ» ይላል። አብዛኛው ሰው ይህቺን ቁጥር ያይና ይረጋጋል። ከቁጥሩ በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። እዚያ ላይ አንድ ሰርቪንግ፣ ማለትም ቁጥሩ የተሰላበት መጠን፣ 28 ግራም እንደሆነ፣ ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ 5 ሰርቪንግ እንዳለ ተጽፏል። 160 በ5 ሲባዛ 800 ነው። ፊልም እያየ ከረጢቱን ባዶ ያደረገ ሰው 800 ካሎሪ በልቷል። የበላውን በሚመዘግብበት ማስታወሻ ላይ የጻፈው ግን 160 ነው።

እዚህ ላይ ማንም አልዋሸም። ቁጥሩ ትክክል ነው። የጎደለው «የስንት ግራሙ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ጥያቄ ብቻ ነው።

ካሎሪ መቁጠር የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር አለ። «በቀን ከ1,400 አልበልጥም፤ ሚዛኑ ግን ፍንክች አላለም።» ከዚያ ራስን መውቀስ ይከተላል። «የኔ ሰውነት ምግብ አያቃጥልም» ይላሉ። «እኔ ፍላጎት የለኝም ማለት ነው» ይላሉ። ይህን በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ችግሩ ሰውነታቸውም ፍላጎታቸውም አይደለም። መስፈሪያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ «በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን ክብደታችን አልቀንስ አለ» የሚሉ 10 ሰዎችን ወስደው ተከታተሉ። ሰውነታቸው የሚያቃጥለውን ጉልበት በጥንቃቄ ለኩ። ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ በላን ብለው የመዘገቡት ግን በእርግጥ ከበሉት በአማካይ በ47 በመቶ ያነሰ ነበር። ግማሽ ያህሉ ሳይመዘገብ ቀርቷል ማለት ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ 10 ሰው ብቻ። ግን ባነበብኩት ቁጥር የሚታየኝ የሰዎቹ ልፋት ነው። እነዚህ ሰዎች ውሸታሞች አይመስሉኝም። ዓይናቸውን አምነው የጻፉ ሰዎች ናቸው። ዓይን ደግሞ ግራም አያውቅም።

የራሴን ልንገራችሁ። ለረጅም ጊዜ ቁርሴ አጃ ነበር፤ ላዩ ላይ አንድ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ አደርግበታለሁ። የአጃው ማሸጊያ አንድ ሰርቪንግ 40 ግራም፣ 150 ካሎሪ ይላል። የኦቾሎኒ ቅቤው አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 16 ግራም፣ 95 ካሎሪ ይላል። እኔም በየጠዋቱ 245 ብዬ እመዘግብ ነበር። አንድ ቀን የኩሽና ሚዛን ገዛሁና እንደ ልማዴ ቀድቼ መዘንኩት። አጃው 95 ግራም ሆነ። በማንኪያው ላይ ተከምሮ የወጣው የኦቾሎኒ ቅቤ ደግሞ 31 ግራም። ተሰልቶ 540 ካሎሪ አካባቢ መጣ። ሳህኑ ያው ሳህን ነው፣ ማንኪያውም ያው ማንኪያ። በየቀኑ 300 ካሎሪ ያህል እየዘለልኩ ነበር። በሳምንት ከ2,000 በላይ ይሆናል። ያን ቀን ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ተስፋ ቆርጦ ይሆን?

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ሰርቪንግ ማለት አምራቹ በማሸጊያው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ያሰላበት መጠን ነው። ካሎሪው፣ ስኳሩ፣ ስቡ፣ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ሁሉም የዚያ መጠን ነው። እናንተ ሳህናችሁ ላይ ያደረጋችሁት ሌላ ነገር ነው። እሱን «ድርሻ» ልበለው። ሰርቪንግ ወረቀት ላይ ያለው ነው፣ ድርሻ ሳህን ላይ ያለው ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት አንዳንዴ ነው፣ ያውም በአጋጣሚ።

ብዙ ሰው ግን ሰርቪንግን እንደ ምክር ያነበዋል። «ይህን ያህል ብላ» ያሉት ይመስለዋል። አይደለም። አሜሪካን እንውሰድ፤ ሕጉ ግልጽ ስለሆነ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ግዴታ ሆነ፤ ከ1994 ጀምሮም ማሸጊያዎች ላይ መታየት ጀመረ። ሕጉ የሚለው የሰርቪንግ መጠን ሰዎች በተለምዶ አንድ ጊዜ የሚበሉትን ያህል ይሁን ነው። መብላት ያለባቸውን አይልም፣ የሚበሉትን ነው የሚለው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ደንቡን ሲያድስ የሆነውን ተመልከቱ። የአይስክሬም ሰርቪንግ ከግማሽ ኩባያ ወደ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ አደገ። የለስላሳ መጠጥ ከ240 ሚሊ ሊትር ወደ 360 ከፍ አለ። የእርጎ ደግሞ ቀነሰ። አይስክሬም ለጤና የበለጠ ተስማሚ ሆኖ ስለተገኘ አይደለም ያደገው። ሰዎች ከበፊቱ የበለጠ እየበሉ ስለሆነ ነው። መስፈሪያው ሰውን ተከተለ እንጂ ሰውን አልመራም። ይህን ከያዛችሁ የዛሬውን ትልቁን ነገር ይዛችኋል።

በዚያው እድሳት አንድ የምወደው ነገር ገብቷል። አንድ ሰው በአንድ ቁጭታ ሊጨርሰው የሚችል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰርቪንግ የሚይዝ ጥቅል ከሆነ፣ ሁለት ዓምድ ቁጥር እንዲኖረው ተደረገ። አንዱ የሰርቪንጉ፣ ሌላው የሙሉ ጥቅሉ። ከሁለት ሰርቪንግ በታች የሆነው ደግሞ እንደ አንድ ሰርቪንግ እንዲጻፍ ሆነ። ማባዛቱን ከበላተኛው ላይ ወስደው አምራቹ ላይ አደረጉት። ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ።

የአውሮፓ ኅብረት መንገድ ይለያል። እዚያ ግዴታው በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር መጻፍ ነው። ሰርቪንግ የሚጨመረው አምራቹ ከፈለገ ነው። እኔ በግሌ 100 ግራሙን እመርጣለሁ። ሁለት ብስኩት ይዛችሁ ሱቅ ውስጥ ስትቆሙ አንዱ «የ2 ፍሬ»፣ ሌላው «የ3 ፍሬ» ካሎሪ ቢነግራችሁ ማወዳደር አይቻልም። ሁለቱንም በ100 ግራም ካያችሁ በአንድ እይታ ለያችሁ። ስሌቱም ቀላል ነው። የበላችሁትን ግራም በ100 ታካፍላላችሁ፣ በተጻፈው ካሎሪ ታባዛላችሁ። 65 ግራም ብስኩት፣ በ100 ግራም 480 ካሎሪ ከሆነ፣ 0.65 በ480 ሲባዛ 312 ነው።

ስለ ዜሮ ልናገር። «ዜሮ ካሎሪ» የሚል የሚረጭ የምግብ ዘይት አይታችሁ ይሆናል። ውስጡ ያለው ዘይት ነው። ዘይት እንዴት ዜሮ ሊሆን ይችላል? በአሜሪካ ደንብ በአንድ ሰርቪንግ ከ5 ካሎሪ በታች የሆነ ነገር ዜሮ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የዚያ ዘይት ሰርቪንግ ደግሞ የሰከንድ ሩብ ያህል ርጭት ነው፤ ሩብ ግራም ገደማ። በሩብ ግራም 2 ካሎሪ ያህል አለ፤ ወደ ዜሮ ተጠጋግቶ ይጻፋል። መጥበሻውን ለአምስት ሰከንድ የሚረጭ ሰው ግን 20 ሰርቪንግ ረጭቷል፤ ከ40 ካሎሪ በላይ ነው። ብዙ አይደለም፣ ዜሮም አይደለም። ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ ነው የምነግራችሁ።

አሁን ወደ ኩሽና እንግባ። ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል። ስለዚህ ዘይት ላይ የምንሳሳተው ስህተት ሌላው ላይ ከምንሳሳተው ከእጥፍ በላይ ያስከፍለናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል ነው፣ 120 ካሎሪ። አሁን ከጠርሙሱ ቀጥታ መጥበሻ ላይ «ትንሽ» የምናፈሰውን አስቡት። እኔ እጄ እንዳመጣልኝ አፍስሼ ስመዝነው 34 ግራም ሆኗል። ከ300 ካሎሪ በላይ ነው፣ ምግቡ ገና ሳይገባ። ማንኪያም ቢሆን እንደ አያያዙ ነው። መስፈሪያ ማንኪያ ማለት አፉ ላይ ልክ የተስተካከለ ማለት ነው። ተከምሮ የወጣ ከሆነ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የእኔ የኦቾሎኒ ቅቤ እንደዚያ ነበር።

ስለዚህ ሁሉንም ነገር በእኩል ጭንቀት አትመዝኑ። ዘይት፣ ቅቤ፣ ኦቾሎኒና መሰሎቹ፣ አይብ፣ ማዮኔዝ፣ ስኳር፣ እነዚህን በጥንቃቄ መዝኑ። ኪያርና ሰላጣ ቅጠል ላይ ግን ጊዜያችሁን አታጥፉ። 100 ግራም ኪያር 15 ካሎሪ ነው። በእጥፍ ብትሳሳቱ እንኳ የተሳሳታችሁት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አይበልጥም። ኪያር ሲመዝን የሚያመሽ ሰው ካሎሪ መቁጠር በአሥር ቀን ይሰለቸዋል፤ ስንቱን አይቻለሁ።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ሌላው ቦታ ጥሬና ብስል ነው። እባካችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉ። 100 ግራም ጥሬ ሩዝ 360 ካሎሪ አካባቢ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ሩዝ ደግሞ 130 ያህል። ካሎሪው የትም አልሄደም። ሩዙ ውኃ ጠጥቶ ሦስት እጥፍ ያህል ከበደ እንጂ። አንድ ሰው 200 ግራም የተቀቀለ ሩዝ መዝኖ፣ ማሸጊያው ላይ ባለው የጥሬ ቁጥር ቢያሰላ 720 ይላል። እውነቱ 260 ነው። ይህ ሰው ሳያስፈልገው ይራባል። በተቃራኒው 80 ግራም ጥሬ መዝኖ በብስሉ ቁጥር ቢመዘግብ 104 ብሎ ይጽፋል። እውነቱ 288 ነው። ፓስታም እንደዚሁ ነው።

ሥጋ ግልባጩ ነው። ሲበስል ውኃ ያጣል፣ ሩብ ያህል ይቀላል። 100 ግራም ጥሬ የዶሮ ፍርምባ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ሲጠበስ 75 ግራም ገደማ ይሆናል፣ ካሎሪው ግን ያው ነው። የበሰለው በ100 ግራም ሲሰላ 165 የሚሆነው ለዚህ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ጥሬ ከመዘናችሁ የጥሬውን ቁጥር፣ ብስል ከመዘናችሁ የብስሉን ቁጥር ውሰዱ። ማሸጊያው ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በጥቅሉ ውስጥ እንዳለ፣ ማለትም የጥሬው ነው።

«ለቤተሰብ በአንድ ድስት ሲበስልስ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከሚመስለው ይቀላል። ባዶውን ድስት ቀድማችሁ መዝኑና ጻፉት። የሚገባውን በጥሬው ደምሩ። ለምሳሌ 300 ግራም ሩዝ 1,080 ካሎሪ፣ 30 ግራም ዘይት 270 ካሎሪ፣ ድምር 1,350። ሲበስል ከነድስቱ መዝኑ፣ የድስቱን ክብደት ቀንሱ። 900 ግራም ቢሆን፣ 1,350ን ለ900 ስታካፍሉ በአንድ ግራም 1.5 ካሎሪ ይመጣል። 250 ግራም ቀድታችሁ ከሆነ 375 ነው። ሌላው ሰው የፈለገውን ያህል ይቅዳ፤ የእናንተ ስሌት አይበላሽም።

ስለ መጠጥ ብዙ አልልም፤ ያው ነው። ጠርሙሱ 500 ሚሊ ሊትር፣ ቁጥሩ የ100 ከሆነ በ5 አባዙ። ስለ ኩባያ ግን አንድ ነገር ልበል። «አንድ ኩባያ» በአሜሪካ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በሌላ ቦታ 250 ነው፣ በጃፓን 200። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ «1 ኩባያ» ሲል የማን ኩባያ እንደሆነ አታውቁም። «መካከለኛ ሙዝ» ሲልም እንዲሁ። ግራም ያለበትን ምርጫ ፈልጉ። ብዙ አፖች ላይ ቁጥሮቹን የሚያስገቡት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ከማሸጊያው ጋር አንድ ጊዜ ማመሳከር አይከፋም።

አሁን አንድ የቆየ ነገር ላንሳ፤ በጣም የሚያስደስተኝ ነው። ካሎሪ መቁጠርን በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ካስተዋወቁት አንዷ አሜሪካዊቷ ሐኪም ሉሉ ሀንት ፒተርስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተሙት መጽሐፍ ምግቦችን የዘረዘሩት በሰርቪንግ አልነበረም። ጥያቄውን ገለበጡት። ካሎሪውን 100 ላይ አቆሙና «100 ካሎሪ የሚሆነው ምን ያህሉ ነው?» አሉ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ እኔ ግን ዓይንን ለማሠልጠን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ሞክሩት። 100 ካሎሪ ዘይት 11 ግራም ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። 100 ካሎሪ አልሞንድ 14 ፍሬ ገደማ ነው። ስኳር 6 የሻይ ማንኪያ። የተቀቀለ ሩዝ 77 ግራም። ፖም አንድ መካከለኛ፣ 190 ግራም ያህል። ቲማቲም ከግማሽ ኪሎ በላይ። ኪያር 650 ግራም። እነዚህን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ደርድራችሁ አንድ ጊዜ ካያችሁ አትረሷቸውም። ሆዳችሁን የሚሞላው የቱ እንደሆነም ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም።

መመዘን ያለበት ከመብላት በፊት ነው። ለምን መሰላችሁ? ብዙ ሲቀርብልን ብዙ እንበላለን። በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ለተመሳሳይ ሰዎች ማካሮኒ በአይብ በተለያየ ቀን በተለያየ መጠን አቀረቡ። ትንሹ 500 ግራም፣ ትልቁ 1,000 ግራም ነበር። ትልቁ ሲቀርብ ሰዎቹ 30 በመቶ የበለጠ ካሎሪ በሉ። ኮክሬን የተባለው የጤና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ግምገማም ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ወደዚያው ደረሰ፤ ትልቅ ድርሻ፣ ትልቅ ጥቅል፣ ትልቅ ዕቃ ሲቀርብ ሰው የበለጠ ይበላል። ስለዚህ ከከረጢቱ እየቆነጠራችሁ አትብሉ። ሳህን ላይ አውጡት፣ መዝኑት፣ ከረጢቱን መልሱት፣ ከዚያ ተቀመጡ።

ከመግባቴ በፊት አንዲት እናት ጠርተው «ታዲያ ዕድሜ ልኬን ስመዝን ልኖር ነው እንዴ?» አሉኝ። አይደለም እናቴ። ሁለት ሳምንት በቂ ነው ባይ ነኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤታችሁ የሚበላው ምግብ ተደጋግሞ ይመጣል፣ ዓይናችሁም ይለምደዋል። ከዚያ ሚዛኑን መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ነገሩ የተዛባ ሲመስላችሁ ለጥቂት ቀን አውጡት፤ ያ ነው።

ደግሞ ቁጥሩን እንደ ወርቅ ሚዛን አትዩት። በአሜሪካ ደንብ በምርመራ የተገኘው ካሎሪ ከተጻፈው እስከ 20 በመቶ ቢበልጥ እንኳ ይታለፋል። 200 የሚል ነገር 230 ሊሆን ይችላል። በ7 እና በ8 ካሎሪ ልዩነት እንቅልፍ የምታጡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። የምንሸሸው የእጥፍ ስህተትን ነው።

ይህን ደግሞ ከልቤ ነው የምለው። ከምግብ ጋር ክፉ ጊዜ ያሳለፈ ሰው፣ ራሱን በማስራብ ወይም ከበላ በኋላ በማስታወክ የታመመ ሰው፣ መመዘን አይጀምር። ቁጥር ያን ሕመም ሊቀሰቅሰው ይችላል። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ የስኳር ሕሙማንም ያለ ሐኪም ምክር ምግባቸውን አይቀንሱ። ልጆችን ሳህን ላይ ቁጥር አታስተምሯቸው። ሳህኑን ለእነሱ የሚሞላው አዋቂው ነው፤ ማወቅ ያለበትም እሱ ነው።

የተዘጋጀሁበት ይኸው ነበር። ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሚዛን፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት፣ አጃ፣ ሩዝና ባዶ ሳህኖች አሉ። ስትወጡ እየመጣችሁ ቤት እንደምታደርጉት ቅዱ። መጀመሪያ ስንት ግራም እንደሚሆን ገምታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ መዝኑ። እኔ እዚያው ነኝ፤ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።